«ሳይለንስ» ከየት መጣ? ኢቲሞንላይን የተባለው የቃላት አመጣጥ መዝገብ በአንድ ቃል ሲመዘን

የቃላትን አመጣጥ የሚመዘግብ መጽሐፍም ሆነ አገልግሎት የሚመዘነው በሚያውቀው ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን ነገር በምን ዓይነት ሐቀኝነት እንደሚናገርም መታየት አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ደግሞ ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ የሚመስል፣ ምንጩ ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቃል መምረጥ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት «ሳይለንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ አማርኛችን አንዳንዴ ዝምታ፣ አንዳንዴ ጸጥታ እያለ የሚተረጉመውን። የሚመዘነው አገልግሎት ኢቲሞንላይን በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና የእንግሊዝኛ ቃላትን የዘር ሐረግ በበይነ መረብ ላይ በነጻ የሚያስነብበው መዝገበ ቃላት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡን ያዘጋጁት አሜሪካዊው ዳግላስ ሃርፐር ናቸው፤ ሥራው ለአንባቢ የቀረበው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ይዟል። ሃርፐር የየቃሉን ምንጭ ራሳቸው ቆፍረው አላገኙም፤ ያደረጉት ታላላቆቹ መዛግብት የደረሱበትን ውጤት አሰባስቦ፣ አሳጥሮና አስማምቶ ማቅረብ ነው። ከተመረኮዙባቸው ሥራዎች መካከል የመጀመሪያ እትሙ በ1928 የተጠናቀቀው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ ከ1889 ጀምሮ በአሜሪካ የታተመው የሴንቸሪ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም የባርንሃርትና የክላይን የቃላት አመጣጥ መዛግብት ይገኙበታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ለማይችል አንባቢ አገልግሎቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። መዝገቡ «ሳይለንስ» በእንግሊዝኛ የታየው በ1200 ገደማ መሆኑን ይነግረናል፤ ከዚያም ወደ ኋላ እየተጓዘ ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ሲላንስ»፣ እርሱም ከላቲኑ «ሲሌንቲዩም»፣ ይህም «ጸጥ ማለት» ከሚለው «ሲሌሬ» ከተባለው ግስ መምጣቱን ያሳያል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይቆማል፤ የግሱ ምንጭ በእርግጠኝነት አይታወቅም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት መስመሮች ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፦ 1200 የሚለው ዓመት ቃሉ የተወለደበት ሳይሆን እስከ እኛ በደረሰ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የተገኘበት ጊዜ ነው። መዝገቡ ይህን በማብራሪያው ላይ ያስቀመጠው ቢሆንም፣ ቃሉን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ ማብራሪያውን ላያየው ይችላል፤ ስለዚህ ዓመቶቹን እንደ ልደት ቀን ቆጥሮ መጥቀስ ከዚህ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው።

ደረቁ ሰንሰለት የማይናገረው ነገር ቢኖር ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባበትን በር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዓለም ተለይተው ለሚኖሩ ሴቶች በእንግሊዝኛ የተጻፈው የባሕታውያት መመሪያ ስለ አንደበት ጥበቃ በሰፊው ያስተምራል፤ «ሳይለንስ»ም በዚያ ዘመን ከሚታይባቸው ጽሑፎች አንዱ እርሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የእንግሊዝኛ ዘመን ለዝምታ የሚያገለግል «ስዊጌ» የተባለ የራሱ ቃል ነበር፤ የጀርመንኛው «ሽቫይገን» ዛሬም የዚህ ዘመድ ሆኖ ይኖራል፤ በእንግሊዝኛው ግን ጠፍቷል። አገሬው የራሱን ቃል ትቶ የፈረንሳይኛውን የወሰደው ዝም ማለትን ስላላወቀ አይደለም። ዝምታ በገዳም ሥርዓት ውስጥ ሰዓትና ደንብ ያለው ተግባር ሆኖ ነበር፤ ያ ሥርዓት ደግሞ የሚነገረው በላቲንና በፈረንሳይኛ ነበር።

የዚህ ሥርዓት መሠረት የሆነው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ደንብ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ ለቃላችን ትርጉም ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። ስድስተኛው ምዕራፍ ርእሱ «ታኪቱርኒታስ» ነው፤ ይህም አንደበትን መቆጠብ፣ መናገር የሚችል ሰው ላለመናገር መምረጡ ነው። ከማታው የመጨረሻ ጸሎት በኋላ ማንም እንዳይናገር የሚያዘው አርባ ሁለተኛው ምዕራፍ ግን መነኮሳት በማንኛውም ጊዜ ለ«ሲሌንቲዩም» ሊተጉ ይገባል ብሎ ይጀምራል። አንዱ ደንብ ሁለት ቃላት የተጠቀመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው የሰውየው ጠባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ሰውየው የሚኖርበት ሁኔታ፣ ቤቱንና ሌሊቱን ሁሉ የሚሸፍን ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ከላቲን ከራሱ የመጣ ነው። ላቲን ለዝምታ ሁለት ግሶች አሉት፦ «ታኬሬ» እና «ሲሌሬ»። ባለቅኔዎች እያቀያየሩ ቢጠቀሙባቸውም፣ በመሠረቱ «ታኬሬ» የሚነገረው መናገር ለሚችል ሰው ነው፤ «ሲሌሬ» ግን አፍ ለሌለውም ነገር ይሆናል። ሮማዊው የሕግ ተከራካሪ ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት ሚሎ ለተባለው ተከሳሽ ሲከራከር በጦር መሣሪያ መካከል ሕጎች ዝም ይላሉ ያለው በ«ሲሌሬ» ነው። ስለ እርሻ የጻፈው ካቶ ፍግ ወደ መስክ የሚወጣበትን ጊዜ ሲወስን «ጨረቃ ዝም ባለች ጊዜ» ይላል፤ ይህም ጨረቃ የማትታይባቸው ሌሊቶች ናቸው። ሙታንም በሮማውያን ቅኔ «ሲሌንቴስ»፣ ዝም ያሉት፣ ተብለዋል። በወፎች በረራና በሰማይ ምልክት የአማልክትን ፈቃድ የሚመረምሩት የሮም ካህናት ዘንድ ደግሞ «ሲሌንቲዩም» የድምፅ አለመኖር ብቻ አልነበረም፤ ኪኬሮ እንደሚያስረዳው ሥነ ሥርዓቱን የሚያበላሽ ምንም ዓይነት እንከን አለመኖሩን የሚገልጽ ቃል ነበር። ሕግ፣ ጨረቃ፣ ሙታን፣ እንከን የለሽ ሥርዓት፤ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ንግግር ሳይሆን ይሠራ የነበረ ነገር መቆሙ፣ ወይም ሊያውክ የሚችል ነገር አለመነሣቱ ነው።

«ታኬሬ» የምትባለዋ ግስ ዘመዶቿ የታወቁ ናቸው። ጎታውያን በተባሉት የጥንት ጀርመናዊ ሕዝቦች ቋንቋ «ታሓን»፣ በጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ በኖርስ «ቴግያ»፣ በዛሬው ስዊድንኛ «ቲጋ» ሁሉም ዝም ማለት ሲሆኑ፣ ከአንድ የኢንዶ-አውሮፓ ጥንታዊ ሥር የወጡ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው። እንግሊዝኛም «ታሲት»፣ «ታሲተርን» እና «ሬቲሰንት» የሚባሉትን ቃላት ከዚያው ወገን ወስዷል፤ የታላቁ ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ የታኪቱስ ስምም ትርጉሙ «ዝምተኛው» ነው። «ሲሌሬ» ግን ዘመድ አልባ ናት ማለት ይቻላል። ከላቲንና ከጎረቤቶቹ ውጭ ሊቃውንት በዘመድነት የሚጠሯት አንዲት የጎታውያን ግስ ብቻ ናት፤ እርሷም «አናሲላን» ትባላለች።

ይህች ግስ የተጠበቀችበት ቦታ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኤጲስ ቆጶሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎታውያን ቋንቋ ተረጎመ፤ ከትርጉሙ ትልቁ ቅጂ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በብርና በወርቅ ቀለም ተጽፎ ዛሬ በስዊድን በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። «አናሲላን» የምትገኘው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 39 ላይ፣ ማዕበሉ በተገሠጸበት ስፍራ ነው። በአማርኛው «ዝም በል፥ ጸጥ በል አለው። ነፋሱም ተወ ታላቅ ጸጥታም ሆነ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግሪኩ ሁለተኛው ትእዛዝ «አፍህ ይታሰር» እንደ ማለት ነው፤ በላቲኑ «ታኬ» በሚል ግስ ይጀምርና «ዲዳ ሁን» ብሎ ይቀጥላል። ጎታዊው ተርጓሚም ለትእዛዙ ሌሎች ግሶችን ተጠቅሞ፣ «አናሲላን»ን ያስቀመጣት ትእዛዙ ላይ ሳይሆን ነፋሱ ላይ ነው፤ አማርኛው «ተወ» ባለበት ቦታ።

ከሊቃውንት አንዳንዶቹ «ሲሌሬ»ን መልቀቅ፣ መፍቀድ፣ መተው ከሚል ትርጉም ካለው «ሲኔሬ» እና መቆም፣ ማቋረጥ ከሚለው «ዴሲኔሬ» ጋር ሊያዛምዱ የሚሞክሩትም በዚህ አቅጣጫ ነው። ዝምድናው አልተረጋገጠም፤ እኔም የተረጋገጠ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ነገር ግን የሐሳቡ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዝናቡ ተወ፣ ነፋሱ ተወ፣ ሕመሙ ተወኝ ስንል መተውና መቆም በአንዲት ግስ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ እናያለን። «ሳይለንስ» የሚለው ቃል በጥንተ ትርጉሙ ወደዚህ ያደላ ከሆነ፣ ዝምታ መጀመሪያ የተጠራው በአፍ መዘጋት ሳይሆን በነፋስ መቆም ነበር ማለት ነው። አማርኛ «ዝም» እና «ጸጥ» ብሎ መለየቱ፣ ግእዝም ለዝምታ «አርምሞ» ማለቱ፣ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የጨፈለቀውን ልዩነት በቀላሉ እንድንይዘው ይረዳናል።

ከዚህ በመነሣት የመዝገቡን ትልቁን ብቃት እናገራለሁ። በበይነ መረብ ላይ ስለ ቃላት አመጣጥ የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ውብ ተረት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ ይበጅለትና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ ይኖራል። ኢቲሞንላይን ስለ «ሲሌሬ» ምንጩ አይታወቅም ብሎ መቆሙ፣ መላ ምት ሲኖርም «ምናልባት» እና «ይመስላል» በሚሉ ቃላት አጥሮ ማስቀመጡ፣ ከማንኛውም ጌጠኛ ማብራሪያ የበለጠ እንዳምነው አድርጎኛል። አንባቢው እነዚህን ትናንሽ ቃላት ዘልሎ ማንበብ የለበትም፤ በዚህ መዝገብ ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው።

ሌላው ብቃቱ አንዱን ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ማያያዙ ነው። አንዱን ተጭኖ ወደ ሌላው ማለፍ ስለሚቻል፣ «ሳይለንስ» ብሎ የገባ ሰው ሳያስበው የመላውን የጸጥታ ቤተ ዘመድ ይጎበኛል። «ኳየት» የመጣው ዕረፍት ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ጊዜን የሚያመለክተው «ሁዋይል»ም የዚያው ሥር ልጅ መሆኑን ማወቅ ያስደስታል፤ ቆይታ ማለት በመጀመሪያ የዕረፍት ጊዜ ነበርና። «ካም» ደግሞ ከሁሉም የሚያስደንቅ መንገድ የተጓዘ ሳይሆን አይቀርም፦ ግሪኮች «ካውማ» የሚሉት ሐሩርን፣ የሚያቃጥል ሙቀትን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ሰውም እንስሳም ሥራውን ጥሎ ስለሚያርፍ፣ የሙቀቱ ስም የእርጋታው ስም ሆነ ይባላል። «ሃሽ» እና «መም» ከድምፅ የተወሰዱ ናቸው፤ ሁለተኛው የተዘጋ ከንፈር የሚያወጣው ድምፅ ነው። የ«ሳይለንስ» ተቃራኒ የሆነው «ኖይዝ»ም በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ በዚያው በፈረንሳይኛ በር፣ ምንጩ በእርግጥ ሳይታወቅ ገብቷል፤ አንዳንዶች የመርከብ ላይ ማቅለሽለሽን ከሚያመለክተው የላቲን «ናውሴያ» ነው ይላሉ። ጫጫታና ጸጥታ ሁለቱም የዘር ሐረጋቸው ጫፍ ላይ ሲደርሱ መጥፋታቸው ለኔ ከመዝገቡ ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ የማይረሳው ነው።

ቃሉ በኋላ የደረሰበትን ለውጥ መዝገቡ በአጭሩ ያሳያል፤ አጭርነቱም እዚህ ላይ ይበቃል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስሙ ወደ ግስነት ተሸጋግሮ ሌላውን ዝም ማሰኘት የሚል ትርጉም ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ «ሳይለንስ» የሚመረጥ ብቻ ሳይሆን የሚጫንም ነገር ሆነ። ከግሱ የወጣው «ሳይለንሰር» በኋላ የመሣሪያ ስም ሆኖ፣ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም በ1909 የባለቤትነት ፈቃድ ላገኘበት የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ መጠሪያ ሆነ፤ በብሪታኒያ እንግሊዝኛ ደግሞ መካኒኮቻችን ማርሚታ የሚሉት የመኪና ዕቃ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

እንዲህ ዓይነት መዝገብ የእንግሊዝኛን መስመር ብቻ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ቃሉ በሌላ አቅጣጫ የሠራውን ታሪክ ለመያዝ አይመችም። በኋለኛው የሮም ግዛትና በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ሲሌንቲያሪ የሚባሉ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ቁጥራቸው 30 ሲሆን፣ ተግባራቸው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሥርዓትንና ጸጥታን ማስከበር ነበር። በ491 የነገሠው አናስታስዮስ ቀዳማዊ ከዚህ ማዕረግ ተነሥቶ ነው ዙፋን ላይ የወጣው፤ ስለ ሃጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ግርማ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅኔ የደረሰው ጳውሎስም በዚሁ ማዕረግ ስም ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ «ሲሌንቲዩም» የሚለው ቃል ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመራውን የመማክርት ጉባኤ እስከ መጥራት ደርሷል። ሰዎች ሊነጋገሩ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ «ዝምታ» ተብሎ መጠራቱ የሚያስገርም ቢመስልም፣ የእኛም «ጸጥታ» የሚለው ቃል የድምፅ አለመኖርን ትቶ የሕዝብ ደኅንነትና ሥርዓት መጠበቅ ማለት እንደሆነ ያስታውሰናል፤ «የጸጥታ ምክር ቤት» ስንል ማንም ዝም የሚሉ ሰዎችን አያስብም።

የአገልግሎቱ ጉድለት የሚመነጨው ከብቃቱ ነው። መግለጫዎቹ እጅግ ስለታመቁ፣ ላቲን የማያውቅ አንባቢ «ሲሌሬ» እና «ታኬሬ» ሁለቱም ዝም ማለት ተብለው ሲተረጎሙለት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሊገምት አይችልም፤ ለዚህ ቃሉ በጥንት ጽሑፎች ውስጥ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደገባ ማየት ያስፈልጋል፤ ኢቲሞንላይን ደግሞ ጥቅስ የሚሰጠው አልፎ አልፎ ነው። እያንዳንዱ አባባል ከየትኛው ምንጭ እንደተወሰደ ሁልጊዜ ለይቶ ስለማይጽፍም፣ ለጥናት ወረቀት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። በዋነኛነት የአንድ ሰው የማጠናቀር ሥራ መሆኑ ለአጻጻፉ አንድ ወጥ ድምፅ ሰጥቶታል፤ ይህን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ከሁለት ተቃራኒ መላ ምቶች አንዱ በአንድ መስመር ሲታለፍ ምርጫው የአዘጋጁ መሆኑን አንባቢ ማስታወስ አለበት። በገጾቹ ላይ ማስታወቂያ መኖሩን ግን በነጻ ለሚሰጥ ሥራ ተገቢ ክፍያ አድርጌ ስለምቆጥረው ከጉድለት አልደምረውም።

ለተርጓሚዎች፣ ለቋንቋ መምህራንና እንግሊዝኛን በጥልቀት ለሚማሩ ተማሪዎች ይህን መዝገብ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቃሉን ራሱን አንብቦ መውጣት ግን አይበቃም፤ «ሳይለንስ»ን የሚፈልግ ሰው «ታሲት»፣ «ኳየት» እና «ካም» የሚሉትን በተከታታይ ቢያነብ፣ ሥሩ ያልታወቀውን ቃል ሥራቸው ከታወቁት አጠገብ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። የጥቅስ ማስረጃ በየዘመኑ ተደርድሮ እንዲቀርብለት የሚፈልግ ተመራማሪ በክፍያ ወደሚገኘው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት መሄድ ይኖርበታል፤ የላቲኑን ግስ ከሥሩ ለመመርመር የሚፈልግም የላቲንን የቃላት አመጣጥ ብቻ የሚያጠኑ መዛግብትን ማየት አለበት፤ ኢቲሞንላይን ወደ ሁለቱም ለመድረስ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።